100 ሜትር ላይ ልክ፣ 500 ሜትር ላይ ዝቅ፦ ጥፋቱ የማዞሪያው ነው ወይስ የስሌቱ?

አረር_አምስት

ሰላም ለሁላችሁ። ጠመንጃው .308 ዊንቸስተር ነው፤ በርሜሉ 51 ሳ.ሜ። ጥይቱ 175 ግሬይን፣ ጅራቱ ጠበብ ያለ የዒላማ ጥይት። መነጽሩ ሙሉ በሙሉ በሚል (የማዕዘን መለኪያ) ነው የሚሠራው፦ የማዞሪያው አንድ ክሊክ 0.1 ሚል፣ የሬቲክሉም (መነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ ምልክት) መስመሮች በሚል የተከፈሉ ናቸው። ዜሮው (ጥይቱ ልክ ያነጣጠሩበት ላይ የሚያርፍበት ርቀት) 100 ሜትር ላይ በአሥር ጥይት ተይዟል፤ እዚያ ምንም ችግር የለም።

የጥይቱን መንገድ የሚያሰላው አፕ ላይ የገባው፦ የአፈሙዝ ፍጥነት 792 ሜትር በሰከንድ (ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር)፣ ጂ7 (ጥይቱ የአየሩን መቋቋም ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካ ቁጥር) 0.243፣ ከበርሜሉ መሃል እስከ መነጽሩ መሃል 4 ሳ.ሜ፣ ሙቀት 15 ዲግሪ፣ የባሕር ወለል አየር።

አፑ የሰጠው፦
200 ሜትር – 0.7 ሚል
300 ሜትር – 1.6
400 ሜትር – 2.7
500 ሜትር – 4.0
600 ሜትር – 5.5

በዚህ መሠረት ሲዞር 300 ላይ 6 ሳ.ሜ ዝቅ ይላል፤ 500 ላይ 25 ሳ.ሜ ዝቅ። ግራ ቀኙ ደህና ነው። ርቀቱ በሌዘር የተለካ ነው። አፑ ላይ ፍጥነቱን ከዒላማው ጋር እስኪገጥም እየቀነሱ መሄድ ነው የሚሉ አሉ። እንደዚያ ይሻላል?

ሒሳብ_ይቅደም

ከሁሉ በፊት ሳንቲ ሜትሩን ተወውና በሚል አስበው። 1 ሚል 100 ሜትር ላይ 10 ሳ.ሜ፣ 300 ላይ 30፣ 500 ላይ 50 ሳ.ሜ ነው። ስለዚህ 300 ላይ የጎደለህ 0.2 ሚል፣ 500 ላይ ደግሞ 0.5 ሚል ነው።

ይህ ብቻውን አንድ ነገር ይነግርሃል። ዜሮው ቢዛነፍ ኖሮ ጉድለቱ በሚል ሲለካ በየርቀቱ እኩል በሆነ ነበር፤ 100 ላይ 1 ሳ.ሜ የተዛነፈ ዜሮ 300 ላይ 3፣ 500 ላይ 5 ሳ.ሜ ያስታል፣ ሁሉም 0.1 ሚል። ያንተ ግን ከርቀቱ ጋር እያደገ ነው። ዜሮህን አትንካው።

የመነጽር ከፍታውም አይደለም። 4 ያልከው በእውነቱ 5 ሳ.ሜ ቢሆን እንኳ 500 ሜትር ላይ የሚያመጣው ልዩነት 4 ሳ.ሜ ብቻ ነው። ርቀት ተሳስተህ ቢሆንስ? በዚያ አካባቢ 20 ሜትር መሳሳት ወደ 0.3 ሚል ያመጣል፤ በሌዘር ለክተህ ከሆነ ግን ያን ያህል አትስትም፣ ከዒላማው ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ ካልለካህ በቀር።

የምጠረጥረው ፍጥነቱን ነው። የካርቶን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 61 ሳ.ሜ ርዝመት ባለው በርሜል የተለካ ነው። .308 በርሜሉ 2.5 ሳ.ሜ ባጠረ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሜትር በሰከንድ ገደማ ያጣል። ያንተ 10 ሳ.ሜ ያጥራል፤ ከ25 እስከ 30 ሜትር በሰከንድ ጎድሎሃል ማለት ነው። 30 ቢጎድል 300 ላይ 4.5 ሳ.ሜ፣ 500 ላይ 17 ሳ.ሜ ዝቅ ያደርጋል። ከዒላማህ ጋር ይቀራረባል፣ ግን አይሞላም።

ቱንቢ

ያልሞላው ነው ዋናው ነገር። አፑን ከመነካካትህ በፊት ማዞሪያው የተባለውን ያህል መሄዱን አረጋግጥ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ማዞሪያው 3 ከመቶ የሚያጎድል ቢሆን 1.6 ስታዞር 1.55፣ 4.0 ስታዞር 3.88 ይሄዳል። ይህም እንደ ፍጥነት ጉድለት ከርቀት ጋር እያደገ ይመጣል። 300 እና 500 ላይ ያሉ ቀዳዳዎችን አይቶ ሁለቱን መለየት የሚችል ሰው የለም። ፍጥነቱን በግምት ቀንሰህ 500 ላይ ብታስገጥመው የመነጽሩን ጥፋት ለባሩዱ ትሰጠዋለህ፤ ሠንጠረዡ 500 ላይ ልክ ይሆንና 800 ላይ እንደገና ይስታል። መነጽር የቀየርክ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

ፈተናው እንዲህ ነው፦

ቁመቱ ከ120 ሳ.ሜ የማያንስ ሰሌዳ ወይም ካርቶን አቁም። ቱንቢ አንጠልጥልና ክሩን ተከትለህ በወፍራም እስክሪብቶ መስመር አስምር። በዓይን ግምት ወይም በሰሌዳው ጠርዝ አይሆንም። ከመስመሩ ግርጌ የምታነጣጥርበትን ነጥብ አድርግ። ከነጥቡ እስከ መነጽሩ ማዞሪያ 100 ሜትር በሜትር ገመድ ለካ፤ ሌዘር አንድ ሜትር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አንድ ሜትር ደግሞ እዚህ ላይ አንድ ከመቶ ነው። 98 ሜትር ላይ ቆመህ 98 ሳ.ሜ ብታገኝ ማዞሪያው ምንም አላጠፋም።

በዜሮ አምስት ጥይት ነጥቡ ላይ ተኩስ። ከዚያ 10 ሚል ወደ ላይ አዙርና እዚያው ግርጌ ያለው ነጥብ ላይ እያነጣጠርክ አምስት ተኩስ። የሁለቱን ክምችት (ቀዳዳዎቹ የተሰበሰቡበትን) መሃል ፈልግና በመካከላቸው ያለውን ለካ። 100 ሳ.ሜ መሆን አለበት። 97 ከሆነ ማዞሪያህ 0.97 ነው። ወደ ዜሮ መልሰህ ሦስት ጨምር፤ ወደ መጀመሪያው ክምችት ካልተመለሰ ውስጡ ያለው ሞላ ደክሟል ወይም የሆነ ነገር ላልቷል፤ እንዲህ ያለ መነጽር በስሌት አይድንም።

ላይኛው ክምችት ከቱንቢው መስመር ወደ ጎን ከወጣ ሬቲክሉ ከጠመንጃው ጋር ቀጥ ብሎ አልታሰረም። እና አደራ፣ 10 ሚል ስታዞር ጥይቱ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው፤ ከኋላ ያለው የአፈር ክምር ያንን ከነትርፉ የሚይዝ ይሁን። .308 ነፃ መንገድ ካገኘ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ቀስ_በል

ጋሽ ቱንቢ ያሉት ላይ ልጨምር፦ ጥይት ሳያባክኑም ግማሹን ማወቅ ይቻላል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ ሞርሳ ላይ በጎማ ጠቅልለህ እሰረው። 100 ሜትር ላይ የሜትር ገመድ ወደ ታች አንጠልጥል፤ የሬቲክሉን መሃል የገመዱ አንድ ቁጥር ላይ አድርግና 10 ሚል አዙር። መሃሉ 100 ሳ.ሜ ወደ ታች መውረድ አለበት። ከዚያ ወደ ዜሮ፣ እንደገና ወደ 10፣ ደጋግመህ። ጠመንጃው እንዳልተነቃነቀ በየመሃሉ ዜሮውን እያየህ።

በዚያው ሬቲክሉንም ፈትሸው፦ ባለ 5 ሚሉ መስመር ገመዱ ላይ 50 ሳ.ሜ ይሸፍናል? ሬቲክል በመስታወት ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከማዞሪያው የበለጠ ይታመናል።

ከፈተናው በፊት ግን ብሎኖቹን። መነጽሩን የሚይዙት ቀለበቶች የላይኛው ብሎን ወደ 2 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልገው፤ የአምራቹን ወረቀት እይ። ከዚያ በላይ ካጠበቅከው ቱቦው ይጨመቅና ውስጥ ያለው ክፍል እንደልቡ አይንቀሳቀስም፤ ማዞሪያው ክሊክ ይላል፣ ሬቲክሉ ግን አይሄድም። ቀጣዩ ተኩስ ሲያነቃንቀው በድንገት ይዘላል። «መነጽሬ አብዷል» ከሚለው ስሞታ ብዙው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ገና_ጀማሪ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣ ልል ነው። የእኔ መነጽር ማዞሪያ ላይ 1/4 ኤም.ኦ.ኤ (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ይላል፣ ውስጡ ያለው መስመር ግን ሚል ነው ተብያለሁ። 4.0 ሚል ቢባል ስንት ክሊክ ላዙር?

ሒሳብ_ይቅደም

1 ሚል 3.438 ኤም.ኦ.ኤ ነው። 4.0 ሚል 13.75 ኤም.ኦ.ኤ፤ በአራት ሲባዛ 55 ክሊክ። 1 ኤም.ኦ.ኤ 100 ሜትር ላይ 2.9 ሳ.ሜ ስለሆነ አንዱ ክሊክህ 7.3 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል።

እንዲህ የተደባለቀ መነጽር ላይ አፑን በኤም.ኦ.ኤ አድርገው፤ ማዞሪያው ባለበት መለኪያ። በመስመሩ ያየኸውን ስህተት ስታርም ብቻ በ3.4 አባዛ። እኔን ብትጠይቀኝ ግን ሽጠህ ሁለቱም አንድ የሆነ ብትገዛ ይሻልሃል፤ ሰዓት እያለቀ በጭንቅላት ማባዛት ለስህተት በር መክፈት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ማዞሪያ ኤም.ኦ.ኤ ይባል እንጂ የተሠራው በ100 ያርድ አንድ ኢንች በሚል ነው። እውነተኛው 1.047 ኢንች ነው። 4.7 ከመቶ ትንሽ ይመስላል፤ 55 ክሊክ ላይ ግን 500 ሜትር ላይ 9 ሳ.ሜ ያህል ያወርድሃል። የጋሽ ቱንቢ ፈተና ይህንንም ያወጣዋል።

ከ200_በላይ_የለም

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? 200 ሜትር ላይ ዜሮ አድርጎ ራቅ ሲል ትንሽ ከፍ አድርጎ ማነጣጠር አይበቃም? አባቶቻችን በብረት ማነጣጠሪያ ነው የሚተኩሱት።

ቀስ_በል

ለአጭር ርቀት ይበቃል፤ አልክድም። አረር_አምስት ባለው ጥይት 200 ላይ ዜሮ ብታደርግ 100 ላይ 7 ሳ.ሜ ከፍ፣ 250 ላይ 11 ሳ.ሜ ገደማ ዝቅ ይላል። እስከ 240 ሜትር ድረስ ምንም ሳትነካ መሃል ላይ ማነጣጠር ትችላለህ።

ከዚያ ወዲያ ግን ቁልቁለቱ ይፈጥናል። ከ300 እስከ 400 ሜትር 1.1 ሚል፣ ከ500 እስከ 600 ግን 1.5 ሚል ነው የሚጨምረው። 500 ላይ ከ100 ዜሮ 2 ሜትር ወርዷል፤ «ትንሽ ከፍ አድርጎ» የሚባለው የት እንደሆነ ባዶ ሰማይ ላይ በዓይን መገመት አይቻልም። በሬቲክሉ መስመር መያዝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ግምት አይደለም፣ ፍጥነትም አለው፤ ዒላማዎች በተለያየ ርቀት ተከታትለው ከመጡ እኔም ከማዞር እሱን እመርጣለሁ።

100 ላይ ዜሮ ማድረግ የሚወደደው ለሌላ ነው። እዚያ አካባቢ የጥይቱ መንገድ ከማነጣጠሪያ መስመሩ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው፤ 5 ሜትር ብትሳሳት ለውጥ የለም። ነፋሱም የመሬቱ ሙቀትም ገና አልነካውም። 200 ላይ ዜሮ ስታደርግ የዕለቱን አየር ዜሮው ውስጥ ትጨምርበታለህ።

አረር_አምስት

ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ርቀቱ በገመድ 100 ሜትር፣ 10 ሚል ስዞር በሁለቱ ክምችት መካከል 97 ሳ.ሜ። ሞርሳ ላይም ያው 97። ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ወደ ጎንም አልወጣም። ሬቲክሉ ልክ ነው። ፍጥነቱ በመለኪያ፣ የአሥር ጥይት አማካይ 762 ሜትር በሰከንድ።

አሁን የትኛውን የት ላስገባ?

ሒሳብ_ይቅደም

ይኸው ሁለቱም ናቸው። በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ፍጥነቱን 762 አድርግ። 500 ሜትር ላይ አፑ ከ4.0 ወደ 4.3 ወይም 4.4 ይወጣል፤ 4.34 እንበል። ይህ ጥይቱ በእርግጥ የሚፈልገው ነው። ማዞሪያው ከመቶ 97 ብቻ ስለሚሄድ 4.34ን ለ0.97 አካፍል፦ 4.47። ማለትም 4.5 ላይ ታቆመዋለህ።

ወደኋላ ሄደህ ፈትነው። 4.0 ስታዞር የሄደው 3.88 ነበር፤ የሚያስፈልገው 4.34። የጎደለው 0.46 ሚል፣ 500 ላይ 23 ሳ.ሜ። አንተ 25 ብለህ ነበር። ከዚህ በላይ መቀራረብ አይጠበቅም።

ፍጥነት መለኪያው በብርሃን የሚሠራ ከሆነና ከአፈሙዙ 3 ሜትር ፊት ከቆመ ንባቡ ላይ ወደ 2 ሜትር በሰከንድ ጨምር። ብዙ አፖች ለማዞሪያው እርማት የተለየ ቦታ አላቸው፤ አንዳንዱ 0.97 ብለህ እንድታስገባ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ 1.03። ካስገባህ በኋላ ቁጥሩ መጨመሩን እይ። ከቀነሰ ገልብጠህ አስገብተሃል። እና ይህ እርማት ለማዞሪያው ብቻ ነው! በሬቲክሉ መስመር ከያዝክ 4.34 ነው፣ 4.5 አይደለም።

ቱንቢ

አሁን 600 ሜትር ላይ አምስት አምስት ጥይት አስቀምጥና የቀረችውን ትንሽ ልዩነት በፍጥነቱ ማስማማት ትችላለህ። 300 ላይ ግን አትሞክረው፤ እዚያ 10 ሜትር በሰከንድ የሚያመጣው 1.5 ሳ.ሜ ብቻ ስለሆነ ከክምችትህ ስፋት አትለየውም። 600 ላይ ወደ 9 ሳ.ሜ ይሆናል፣ ይታያል። ለማስገጠም ከመለኪያው ንባብ ከ10 ሜትር በሰከንድ በላይ መራቅ ካስፈለገህ ሌላ የተሳሳተ ቁጥር አለ ማለት ነው፤ እሱን ፈልግ። የተለመደው የጂ1ን (በሌላ የጥይት ቅርጽ የተለካውን) ቁጥር ጂ7 ቦታ ላይ ማስገባት ነው። ለዚያ ጥይት ጂ1 0.505፣ ጂ7 0.243 ነው፤ ግማሽ በግማሽ የሚለያዩ ናቸው፤ ያንተ ልክ ገብቷል።

ደጋ_ላይ

ስለ አየሩ ማንም አላነሳም። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል በ18 ከመቶ ያህል ያንሳል። በዚህ ጥይት 500 ላይ 0.2 ሚል፣ 600 ላይ 0.3 ሚል ገደማ ይቆጥባል። በባሕር ወለል ሠንጠረዥ ከፍታ ላይ የሚተኩስ ሰው ከፍ ይላል።

ስህተቱ የሚመጣው ከግፊቱ ነው። የአየር ትንበያ የሚነግርህ ግፊት ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ነው፤ ሁልጊዜ ከ1013 ሄክቶፓስካል ብዙም አይርቅም። እሱን «የቦታው ግፊት» በሚለው ሳጥን ካስገባህ አፑ ባሕር ዳርቻ የቆምክ ይመስለዋል። ወይ የእጅ መለኪያ ያሳየህን የቦታውን ግፊት አስገባ፣ ከፍታውን ተወው፤ ወይ የትንበያውን ግፊት ከከፍታው ጋር አስገባ። ሁለቱን አታደባልቅ።

ገደል_አፋፍ

ሽቅብና ቁልቁልስ? ለ30 ዲግሪ ርቀቱን በ0.866 አባዝቶ በዚያ ማዞር ነው ይባላል።

ሒሳብ_ይቅደም

ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ጥይቱ ከፍ ነው የሚለው፤ አቅጣጫው ለውጥ የለውም። ያልከው ደንብ ለቅርብ ደህና ነው። 500 ሜትር በ30 ዲግሪ ወደ 433 ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ 3.1 ሚል። ሌላው ደንብ ደግሞ ማዞሪያውን ራሱን ማባዛት ነው፦ 4.0 × 0.866 = 3.5። ትክክለኛው በመካከል ነው፣ ወደ 3.3። 0.2 ሚል 500 ላይ 10 ሳ.ሜ ነው፤ ከዚህ ከራቅክ ዲግሪውን ለአፑ ስጠው።

ቀስ_በል

ጠመንጃ ማዘንበልም ይታሰብ። 5.5 ሚል አዙረህ ጠመንጃውን 3 ዲግሪ ብታዘነብለው 600 ላይ ወደ 17 ሳ.ሜ ወደ ዘነበለበት ጎን ይስታል። ዝቅ አያደርግም፣ ጎን ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሰው ነፋስ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቱቦው ላይ ትንሽ ውሃ ልክ እሰር። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ዓይን 3 ዲግሪን አያይም።

ፓራላክስም (ዓይን ሲንቀሳቀስ ሬቲክሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተተው) እንዲሁ። መጀመሪያ የዓይን መስታወቱን ሰማይ ላይ እያየህ ሬቲክሉ ጥርት እስኪል አስተካክል፤ ይህ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ የጎኑን ማዞሪያ፦ ራስህን ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ ስታንቀሳቅስ ሬቲክሉ ዒላማው ላይ መንሸራተት እስኪያቆም። የተጻፈበትን የሜትር ቁጥር አትመነው፣ ምልክት ብቻ ነው።

ገና_ጀማሪ

የእኔ ማጉያውን ስቀንስ መስመሮቹ መጠናቸው አይለወጥም። ይህ ችግር አለው?

ቱንቢ

አለው፣ በመስመሩ ለምትይዝ ከሆነ። ያንተ ሬቲክል ሁለተኛው የትኩረት ወለል ላይ ነው። መስመሮቹ እውነት የሚሆኑት በአንድ ማጉያ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ በከፍተኛው። 20 እጥፍ ላይ 1 ሚል የሆነው መስመር 10 እጥፍ ላይ 2 ሚል ይሸፍናል። 500 ሜትር ላይ ባለ 4ቱን መስመር በግማሽ ማጉያ ብትይዝ 2 ሜትር ከፍ ትላለህ። ማዞሪያውን ግን ማጉያው አይነካውም።

ሌላው የአዲስ ሰው ችግር ዙር መጥፋት ነው። ማዞሪያህ በአንድ ዙር 5 ሚል የሚሄድ ከሆነና አንድ ዙር ረስተህ ከተውከው 500 ላይ 2.5 ሜትር ከዒላማው በላይ ነው የምትተኩሰው፤ አቧራው እንኳ አይታይህም። የዜሮ ማቆሚያ (ማዞሪያው ከዜሮ በታች እንዳይሄድ የሚይዘው) ካለው አስይዘው። ዜሮ ካደረግህ በኋላ ቆቡን ፈትተህ 0 ላይ ስትመልሰው ትንንሾቹን ብሎኖች ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ፤ አንዱን ብቻ ካጠበቅክ ቆቡ ክሊክ ይዘላል። ጨርሰህ ሦስት ጥይት ተኩስ።

አረር_አምስት

500 ላይ 4.5 አዙሬ መሃሉ 2 ሳ.ሜ ዝቅ። አሁን ወደ 800 ለመሄድ ማዞሪያው ይበቃኛል? ጠቅላላ ጉዞው 18 ሚል ተብሏል፣ መነጽሩ የሚታሰርበት መቀመጫ ጠፍጣፋ ነው።

ሒሳብ_ይቅደም

ጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ዜሮው መሃል አካባቢ ይውላል፤ ወደ ላይ የሚቀርህ 9 ሚል ገደማ ነው፣ ያውም መቀመጫው ትንሽ ከዘመመ ያንሳል። ባንተ ፍጥነትና ባንተ ማዞሪያ 800 ከዚያ በላይ ይጠይቃል። 20 ኤም.ኦ.ኤ ተዳፋት ያለው መቀመጫ 5.8 ሚል ይጨምርልሃል። ወፍራሙን ጎን ወደ ኋላ አድርገህ ነው የሚታሰረው፤ ገልብጠው የሚያስሩ አሉ። መቀመጫ ስትቀይር ዜሮውንም የ10 ሚሉን ፈተናም ድገም፤ አሁን ማዞሪያው የሚሠራበት ክፍል ሌላ ስለሆነ 0.97 ላይሆን ይችላል።

ደጋ_ላይ

ፍጥነቱን ስትለካ የነበረውን ሙቀትም አብረህ ጻፈው። ባሩድ በየዲግሪው ግማሽ ሜትር በሰከንድ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይለወጣል። በ30 ዲግሪ የለካኸው 762 በ10 ዲግሪ ማለዳ ወደ 752 ሊወርድ ይችላል፤ 500 ላይ 0.1 ሚል፣ አንድ ክሊክ። የሚቆጠረው የአየሩ ሳይሆን የጥይቱ ሙቀት ነው፤ የጋለ በርሜል ውስጥ ሁለት ደቂቃ የቆየ ጥይት ከካርቶኑ እንደወጣው አይሄድም። እዚያ ላይ ማዞሪያውን አትንካ፤ አውጥተህ ሌላ አጉርስ።